የአየር ንብረት ለውጥ፣ እርሻና ተፈጥሮ፦ ስለ ዩኒቨርሲቲ ምርምሮች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሙቀቱ ሲጨምር ሰብሉ፣ ደኑ፣ አፈሩ ምን ይሆናል? ምንስ ማድረግ ይቻላል? ዩኒቨርሲቲዎች በዚህ ላይ ለብዙ ዓመታት ሠርተዋል። ውጤቱ ግን አንባቢ ዘንድ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ መስመር ዜና ተቆርጦ ነው። «ምርት በዚህን ያህል ይቀንሳል» ይባላል። የት፣ በምን ሁኔታ፣ እንዴት ተለክቶ የሚለው ግን እግረ መንገዱን ይቀራል። ከታች ያሉት ጥያቄዎችና መልሶች በዚያ በተቆረጠው ክፍል ላይ ያተኩራሉ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ለመሆኑ የሚጠናው ምንድን ነው?

ነገሩ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ጉዳቱ ነው፤ ሙቀቱ፣ ድርቁ፣ ያለወቅቱ የሚጥለው ዝናብ ሰብሉንና ዱሩን ምን እያደረገው ነው የሚለው። ሁለተኛው መላመድ ነው፤ ዝርያ በመቀየር፣ የመዝሪያ ጊዜን በማዛወር፣ አፈርና ውኃን በመንከባከብ ጉዳቱን ምን ያህል ማቃለል ይቻላል የሚለው። ሥራው የአንድ ትምህርት ክፍል ብቻ አይደለም። የሰብል ባለሙያው፣ የአፈር ኬሚስቱ፣ ነፍሳት የሚያጠናው፣ የስታቲስቲክስ ሰውና ኢኮኖሚስቱ አንድ ማሳ ላይ ይገናኛሉ። ሲገናኙ ይጨቃጨቃሉም። ጥሩ ጥናት ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከዚያ ጭቅጭቅ ነው።

ገና ያልመጣን የአየር ንብረት እንዴት አድርገው ያጠኑታል?

ቀጥተኛው መንገድ የወደፊቱን አየር ዛሬ ማሳ ላይ መፍጠር ነው። በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ከ2001 ጀምሮ በአኩሪ አተር ማሳ ላይ እንዲህ ይሠራል። ሰብሉ ሜዳ ላይ ነው፤ ግድግዳም ጣሪያም የለውም። ዙሪያውን በክብ ቅርጽ ቱቦ ተዘርግቶበታል። መሐል ላይ የነፋሱን አቅጣጫና ፍጥነት፣ የጋዙንም መጠን የሚለካ መሣሪያ ተተክሏል። ነፋሱ ከምሥራቅ ሲነፍስ በምሥራቅ በኩል ያለው ቱቦ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፤ ነፋሱ ራሱ ጋዙን እየነዳ በሰብሉ ላይ ያሳልፈዋል። ነፋሱ አቅጣጫ ሲቀይር ኮምፒውተሩ ያንን ዘግቶ ሌላውን ይከፍታል። ራቅ ብሎ ልክ እንደዚሁ የሆነ፣ ግን ጋዝ የማይጨመርበት ክብ አለ። ውጤቱ የሚነበበው ሁለቱን በማወዳደር ነው።

«መስታወት ቤት ውስጥ ለምን አይሠሩትም?» የሚል ይኖራል። ድሮ እንደዚያ ነበር የሚሠራው። ነገር ግን ማሰሮ ውስጥ የተተከለ ሰብል ሥሩ ይታፈናል፤ ነፋስም ተባይም አያገኘውም። ሜዳ ላይ ሲለካ ከጋዙ የሚገኘው የምርት ጭማሪ በዝግ ቤት ከታየው አንሶ ተገኘ። ይህ ትልቅ ትምህርት ነበር።

ሌላው መንገድ አፈሩን ማሞቅ ነው። ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በሚያስተዳድረው ጥናት ደን ውስጥ ከ1991 ጀምሮ የኤሌክትሪክ ገመድ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ጥልቀት ተቀብሮ አፈሩን ከአካባቢው በ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አስበልጦ ያሞቀዋል። ወደዚህ ጥናት ኋላ እንመለሳለን፤ የሚገርም ነገር አሳይቷልና።

ተራራም ያገለግላል። ከግርጌ ወደ ጫፍ ስትወጡ ሙቀቱ ስለሚቀንስ፣ በተለያየ ከፍታ ላይ አንድ ዓይነት ዘር ዘርቶ ማወዳደር ይቻላል። ለመጪው ጊዜ ላይኛው ማሳ ነገ ምን ሊመስል እንደሚችል ታችኛው ማሳ ይጠቁማል።

የድሮ መዝገብ ደግሞ ወርቅ ነው። በጃፓን ኪዮቶ የቼሪ አበባ የሚፈካበት ቀን ከ9ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቤተ መንግሥት ሰዎችና በመነኮሳት ማስታወሻ ተጽፎ ቆይቷል። የኦሳካ ተመራማሪዎች እነዚህን ቀኖች ለቅመው አንድ ላይ አሰለፏቸው። በ2021 አበባው ሙሉ በሙሉ የፈካው ማርች 26 ነበር። እስከዚያ ዓመት ድረስ በመዝገቡ ላይ ካሉት 1200 ዓመታት ይህን ያህል የፈጠነ አልተገኘም ነበር። በፈረንሳይ ቦን ከተማ የወይን መልቀሚያ ቀን ከ1354 ጀምሮ ይታወቃል። ከ1988 ወዲህ ለቀማው ከቀድሞው አማካይ 13 ቀን ያህል ቀድሞ ይጀመራል። ቀኑን የጻፉት ሰዎች ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሐሳቡም አልነበራቸውም። መዝገቡን ይበልጥ ተአማኒ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተክል ምግብ ነው ይባላል። ታዲያ መብዛቱ ምን ይጎዳል?

በጣም የሚጠየቅ ጥያቄ ነው፤ ግማሹ እውነት ስለሆነ በአንድ ቃል ውድቅ ማድረግ አይቻልም።

ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት በአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውል ውስጥ 280 ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር። ቻርልስ ዴቪድ ኪሊንግ የተባለው ሳይንቲስት በ1958 በሃዋይ ማውና ሎዋ ተራራ ላይ መለካት ሲጀምር ወደ 315 ደርሶ ነበር። አሁን ከ420 አልፏል። ስንዴ፣ ሩዝ፣ ገብስና አኩሪ አተር ጋዙ ሲጨምርላቸው በእርግጥ ፈጠን ብለው ያድጋሉ። ቅጠላቸው ላይ ያሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎችም ስለሚጠቡ ውኃ ይቆጥባሉ። በቆሎ፣ ማሽላና ሸንኮራ አገዳ ግን ጋዙን ቅጠላቸው ውስጥ አጠራቅመው የሚጠቀሙ በመሆናቸው ጭማሪው ብዙም አይሰማቸውም። የሚጠቅማቸው በድርቅ ጊዜ ውኃ በመቆጠቡ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ተክል በካርቦን ብቻ አይኖርም። የዌስተርን ሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ባደገ የባሕር ዛፍ ደን ላይ ከ2012 ጀምሮ ተጨማሪ ጋዝ ለቀቁ። ዛፎቹ 12 በመቶ ገደማ ተጨማሪ ካርቦን ሳቡ፤ ግንዳቸው ግን አልወፈረም። አፈሩ ፎስፎረስ የሚባለው ንጥረ ነገር በጣም ያንሰዋል። ዱቄት በጆንያ ሞልቶ እርሾ የጠፋበት ቤት ዳቦ አይጋገርም። የተሳበው ተጨማሪ ካርቦን በአብዛኛው በአፈር ውስጥ በሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን በኩል ተመልሶ ወደ አየር ወጣ።

ሁለተኛው ጉዳይ ምርቱ ውስጥ ያለው ነገር ነው። በሃርቫርድ የተመራና በ2014 የታተመ ጥናት በጃፓን፣ በአውስትራሊያና በአሜሪካ ሜዳ ላይ የተገኙ ውጤቶችን አሰባሰበ። የጋዙ መጠን በዚህ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ይደርስበታል ተብሎ ወደሚገመተው፣ ወደ 550 ከፍ ሲል ስንዴ ውስጥ ያለው ዚንክ በ9.3 በመቶ፣ ብረት በ5.1 በመቶ፣ ፕሮቲን በ6.3 በመቶ ቀነሰ። ኩንታሉ ሊጨምር ይችላል። እያንዳንዱ ፍሬ ግን ከበፊቱ የሳሳ ነው። ይህ በተለይ አብዛኛውን ፕሮቲንና ማዕድን ከእህል ለሚያገኝ ሰው ቀላል ነገር አይደለም።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሣር ላይ 20 ዓመት የፈጀ ሙከራ አድርጓል። በመጀመሪያዎቹ 12 ዓመታት ውጤቱ መጽሐፉ እንደሚለው ሆነ፤ እንደ ስንዴ ያሉት የሣር ዓይነቶች ከጋዙ ተጠቀሙ፤ እንደ በቆሎ ያሉት አልተጠቀሙም። ከዚያ ነገሩ ተገለበጠ። በቀሪዎቹ 8 ዓመታት የተጠቀሙት እነዚያኞቹ ሆኑ። ምክንያቱ በአፈር ውስጥ የናይትሮጅን አቅርቦት ከመቀየሩ ጋር ይያያዛል ይላሉ። ጥናቱ በአሥረኛው ዓመት በጀት ተቋርጦበት ቢሆን ኖሮ ዛሬ በልበ ሙሉነት የተሳሳተ ነገር እያስተማርን ነበር። በእኔ እይታ በዚህ መስክ ከሦስት ዓመት ሙከራ ተነስቶ ትልቅ ድምዳሜ የሚሰጥን ሰው በጥርጣሬ መስማት ተገቢ ነው።

ሙቀት ሰብልን የሚጎዳው በምን በኩል ነው?

ብዙ ሰው የሚያስበው መጠውለግን ነው። ዋናው አደጋ ግን ብዙ ጊዜ በዓይን አይታይም።

ሩዝን ውሰዱ። እያንዳንዷ የሩዝ አበባ የምትከፈተው በቀን ውስጥ ለአንድ ሰዓት ያህል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ረፋዱ ላይ። በዚያች ሰዓት ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ካለፈ የአበባው ብናኝ ሊበላሽ ይችላል፤ ፍሬም አይዝም። ማሳው አረንጓዴና ያማረ ሆኖ ይቆያል። አጨዳ ሲደርስ ግን ብዙው ዛላ ባዶ ገለባ ነው። ስለዚህ ሩዝ አዳቃዮች ማለዳ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ አበባውን የሚከፍት ዝርያ ይፈልጋሉ። ሙቀት የሚችል ተክል ከመፍጠር ይልቅ ሙቀቱን የሚያመልጥ መፈለጋቸው ብልህነት ነው።

ሌሊትም አለ። ተክል ቀን የሠራውን ስኳር ሌሊት በመተንፈስ ይጠቀምበታል። ሌሊቱ ሲሞቅ ትንፋሹ ይበዛና የተጠራቀመው ይባክናል። በፊሊፒንስ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የሩዝ ምርምር ተቋምና የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቹ በ2004 እንዳሳተሙት፣ በተቋሙ ማሳ ላይ በደረቁ ወቅት ዝቅተኛው ሙቀት በ1 ዲግሪ ሲጨምር ምርቱ በ10 በመቶ ቀንሷል።

ሦስተኛው ጥድፊያ ነው። ሙቀት ሲበዛ ሰብሉ ቶሎ ይደርሳል። ደስ የሚል ይመስላል፤ ግን ፍሬው የሚሞላበት ጊዜ አጠረ ማለት ነው።

እንደገናም ሙቀት የሚጎዳው ቀስ በቀስ ሳይሆን ከአንድ ወሰን በኋላ ነው። በአሜሪካ የበርካታ አሥርት ዓመታትን መረጃ የመረመሩ ሁለት ኢኮኖሚስቶች በ2009 ይህን ወሰን አስቀመጡ፤ ለበቆሎ 29 ዲግሪ፣ ለአኩሪ አተር 30፣ ለጥጥ 32። እስከዚያ ድረስ ሙቀት ይጠቅማል፤ ካለፈ በኋላ ምርቱ ቁልቁል ይወርዳል። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም ከ1999 እስከ 2007 በአፍሪካ የተካሄዱ ከ20 ሺህ በላይ የበቆሎ ሙከራዎችን መርምረው ነበር። ሙቀቱ 30ን በአንድ ዲግሪ አልፎ በሚውልበት በእያንዳንዱ ቀን የመጨረሻው ምርት በቂ ዝናብ ባለበት 1 በመቶ፣ በድርቅ ጊዜ 1.7 በመቶ ይቀንሳል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለውን ልዩነት ልብ በሉ። ውኃ ያለው ተክል ሙቀትን ይበልጥ ይችላል። ያው መረጃ ግን ዓመታት ሙሉ በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ የተሰበሰበው ለሌላ ዓላማ፣ ዝርያ ለመምረጥ ነው።

በሌላ በኩል ብርድ የሚያስፈልጋቸው አሉ። ፖም፣ ቼሪና ፒስታሽዮ በብርዱ ወቅት የተወሰነ ቅዝቃዜ ካላገኙ በአግባቡ አያብቡም። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ተመራማሪዎች ይህ ቅዝቃዜ እየቀነሰ መምጣቱን አሳይተዋል። ዛፍ እንደ ስንዴ በየዓመቱ አይቀየርም፤ ዛሬ የሚተከለው ዛፍ የዛሬ 25 ዓመት የሚኖረውን አየር ጭምር መቻል አለበት።

በቁጥር ንገሩኝ፤ አንድ ዲግሪ ሲጨምር ስንት ይቀንሳል?

በ2017 የታተመ፣ በፔኪንግ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የተመራ ሥራ አራት የተለያዩ ዘዴዎችን አቀናጅቶ ይህን አማካይ ሰጥቷል፤ ለእያንዳንዱ 1 ዲግሪ በቆሎ 7.4 በመቶ፣ ስንዴ 6 በመቶ፣ ሩዝ 3.2 በመቶ፣ አኩሪ አተር 3.1 በመቶ ይቀንሳል። ይህ ግን የጋዙን ማዳበሪያነት፣ የተሻሻለ ዝርያንና መላመድን ሳይቆጥር ነው። የዓለም አማካይም ነው። አማካዩን ወስዶ «የእኔ ማሳ ይህን ያህል ይቀንሳል» ማለት አያዋጣም። ቀዝቃዛ ቦታ ያለ ስንዴ ሊጠቀም ይችላል፤ ከወዲሁ በወሰኑ ጫፍ ላይ ያለ ደግሞ ከአማካዩ በላይ ይጎዳል።

በነገራችን ላይ የምድር ሙቀት ከ1850–1900 ከነበረው ጋር ሲነጻጸር በ2011–2020 በ1.1 ዲግሪ ገደማ ጨምሯል። ስለዚህ «አንድ ዲግሪ» የወደፊት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

የኮምፒውተር ትንበያዎቹስ ይታመናሉ?

ለብቻው አንዱን አትመኑ፤ ብዙዎቹን አንድ ላይ ግን አዎ፣ በልኩ። የሰብል ሞዴል የሚባለው የዕለቱን ሙቀት፣ ዝናብና ፀሐይ፣ የአፈሩን ዓይነት ተቀብሎ ተክሉ በየቀኑ ምን ያህል እንደሚያድግ የሚያሰላ ፕሮግራም ነው። በ2010 የተቋቋመ ዓለም አቀፍ ትብብር የተለያዩ ቡድኖች የሠሯቸውን ሞዴሎች አንድ ዓይነት ፈተና ላይ አስቀመጣቸው። በ2015 ሠላሳ የስንዴ ሞዴሎች በሙቀት ከተሞከረ እውነተኛ ሰብል ጋር ተወዳደሩ። ተለይቶ ሁልጊዜ የሚያሸንፍ አልተገኘም። የሁሉም መካከለኛ ውጤት ግን ከአብዛኞቹ ይልቅ ለእውነቱ የቀረበ ሆነ። ድክመታቸው የት ነው? ተባይ፣ በሽታ፣ ጎርፍና በረዶ ብዙዎቹ ውስጥ በደንብ አልገቡም። ስለዚህ ትንበያው «ተባይ ካልመጣ» የሚል ያልተጻፈ ቅድመ ሁኔታ አለው ብላችሁ አንብቡት።

ተባዩስ?

የነፍሳት የሰውነት ሙቀት ከአካባቢው ጋር የሚወጣና የሚወርድ ነው፤ ሙቀት ሲጨምር ይበላሉም፣ ይራባሉም። በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የተመራ የ2018 ጥናት በስንዴ፣ በሩዝና በበቆሎ ላይ በነፍሳት የሚደርሰው ኪሳራ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ከ10 እስከ 25 በመቶ እንደሚጨምር ገምቷል። ጭማሪው የሚበረታው ዋና ዋና እህል አምራች በሆኑት መካከለኛ ቀጠናዎች ነው። ሞቃት በሆነው ቀጠና ነፍሳቱ ራሳቸው ከሚችሉት የሙቀት ጣሪያ አጠገብ ናቸው።

ዱር ያሉት እንስሳትና ዕፅዋትስ ምን እያደረጉ ነው?

የሚችሉት ይሰደዳሉ። የዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በ2011 ብዙ ዝርያዎችን አሰባስበው ሲያሰሉ፣ በአማካይ በአሥር ዓመት 16.9 ኪሎ ሜትር ወደ ዋልታዎቹ፣ 11 ሜትር ደግሞ ወደ ከፍታ እየሸሹ ነው። ወደ ከፍታ የሚሸሽ መጨረሻ ላይ ተራራው ያልቅበታል።

ሌሎቹ የጊዜ ሰሌዳቸውን ይቀይራሉ። ችግሩ ሁሉም በእኩል አለመቀየራቸው ነው። በአውሮፓ የምትፈለፍል፣ ብርዱን በምዕራብ አፍሪካ የምታሳልፍ ነፍሳት አዳኝ ትንሽ ወፍ አለች። ወደ ሰሜን የምትነሳው የቀኑን ርዝመት ዓይታ ነው፤ የቀን ርዝመት ደግሞ በሙቀት አይቀየርም። ጫጩቶቿን የምትመግባቸው አባጨጓሬዎች ግን ፀደዩ ቶሎ ስለሚሞቅ ቀድመው ይወጣሉ። ስትደርስ ድግሱ ተበልቷል። የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች በ2006 እንደጻፉት አባጨጓሬው በጣም በሚቀድምባቸው ደኖች የወፏ ቁጥር በሁለት አሥርት ዓመታት ውስጥ በ90 በመቶ ገደማ ወርዷል። ወፏን የገደላት ሙቀቱ አልነበረም።

አፈር ሲሞቅ ምን ይሆናል?

ወደ ሃርቫርዱ ደን እንመለስ። አፈሩ ሲሞቅ ረቂቅ ተሕዋስያኑ የበሰበሰውን ቅጠልና ሥር በፍጥነት በልተው ካርቦኑን ወደ አየር ለቀቁት። ይህ አሥር ዓመት ያህል ቀጠለ። ከዚያ ቆመ። ብዙ ሰው «አለቀ፤ አፈሩ ተላመደ» አለ። ሰባት ዓመት ያህል ከማይሞቀው አፈር ጋር እኩል ሆኖ ቆየና እንደገና ካርቦን ማጣት ጀመረ። ከዚያ ደግሞ እንደገና ዝም አለ። በ2017 የታተመው የ26 ዓመቱ ዘገባ አራት ምዕራፍ ቆጥሯል። በጸጥታው ጊዜ ተሕዋስያኑ እየተቀየሩ፣ በቀላሉ የማይበላውን ክፍል መብላት የሚችሉት እየበዙ ነበር።

መላመድ በተግባር ምን ይመስላል? ምሳሌ አለ?

አለ፤ የምወደውም ስለ ሩዝ ነው። ሩዝ ውኃ ይወዳል እንጂ ሙሉ በሙሉ ሲሰጥም ይሞታል። ጎርፍ ሲውጠው ከውኃው በላይ ለመውጣት በችኮላ ይመዘዛል፤ ጉልበቱን ይጨርስና ያልቃል። በሕንድ ኦዲሻ የሚበቅል አንድ የአገሬው ዝርያ ግን ውኃ ሲውጠው ዕድገቱን ያቆማል፤ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ሰዎች ከዓለም አቀፉ የሩዝ ተቋም ጋር ሆነው ይህን የሚያዘውን ጂን ለይተው በ2006 አሳተሙ። ጂኑ በተለመደ ማዳቀል ገበሬው ወደሚወደው ዝርያ ገባ፤ በ2009 ሕንድ ውስጥ ተለቀቀ። ዝርያው ሁለት ሳምንት ገደማ ውኃ ውስጥ ሰጥሞ ይተርፋል። ጎርፍ በሌለበት ዓመት ደግሞ ምርቱ አይቀንስም።

ከዝርያ ውጭም ብዙ አለ። በኒጀር ገበሬዎች ማሳቸው ውስጥ ከድሮ ጉቶ የሚያቆጠቁጡ ዛፎችን ሳይነቅሉ መርጠው ማሳደግ ጀመሩ። በሳተላይት ምስልና በመስክ ጥናት 5 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ መሬት በዚህ መንገድ ዛፍ እንደለበሰ ተረጋግጧል። ችግኝ ጣቢያ የለም፤ የመትከያ ዘመቻም የለም። በአሜሪካ አዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከማሳው 10 በመቶውን በአገሬው ሣርና አበባ መሸፈን በዝናብ የሚታጠበውን አፈር በ95 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል።

ውኃ ቆጣቢ መስኖስ? እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከዓለም ወንዝና ጉድጓድ ከሚቀዳው ውኃ 70 በመቶ ገደማውን የሚወስደው እርሻ ነው፤ ቁጠባው ተገቢ ይመስላል። ነገር ግን በ2018 የወጣ የአውስትራሊያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የመራው ጽሑፍ እንዳለው፣ ቆጣቢ ቴክኖሎጂ ሲገባ ገበሬው ብዙ ጊዜ የተረፈውን ውኃ ይዞ ማሳውን ያሰፋል። በወንዙ ላይ የሚቀረው ውኃ አይጨምርም። የውኃ ገደብ ሳይደረግ ቱቦ ብቻ ማከፋፈል ዋጋ የለውም።

መፍትሔው ካለ ገበሬው ለምን ቶሎ አይቀበለውም?

«ገበሬ ለውጥ አይወድም» የሚለው መልስ ስንፍና ነው። ኪሳራን መሸከም የማይችል ሰው አዲስ ነገር ላይ አይወራረድም። ቅድም ያየነው ጎርፍ ቻይ ሩዝ ኦዲሻ ውስጥ በዕጣ ለተመረጡ መንደሮች ተሰጥቶ ነበር። በ2016 የታተመው ውጤት እንዳሳየው፣ ዘሩን ያገኙት ገበሬዎች ከጎርፍ መትረፋቸው ብቻ አይደለም ለውጡ። ተጨማሪ ማዳበሪያ ገዙ፣ የማሳቸውን ስፋት ጨመሩ፣ የተሻለ የአተካከል ዘዴም ጀመሩ። ፍርሃቱ ሲቀንስ ራሳቸው ገንዘብ አወጡ።

የመሬትና የዛፍ ባለቤትነትም ወሳኝ ነው። ዛፉ የመንግሥት ነው በተባለበት ቦታ ማንም ሰው ዛፍ አያሳድግም።

ደግሞም ዕውቀቱ ሁልጊዜ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ማሳ አይፈስም። በቡርኪና ፋሶ ያኩባ ሳዋዶጎ የተባለ ገበሬ በ1980ዎቹ የድሮውን ጉድጓድ የመቆፈር ዘዴ አሻሻለ። በደረቁ ወቅት ጠንካራውን መሬት ቆፍሮ ፍግ ጨመረበት። ምስጦች ፍጉን ፍለጋ መጥተው አፈሩን ቦረቦሩት፤ ዝናቡ ሲመጣ ውኃው ወደ ታች ሰረገ። ተመራማሪዎቹ የደረሱት ኋላ ነው፤ የእነሱ ድርሻ የሠራበትን ምክንያት መለካትና ለሌሎች ማሳወቅ ነበር።

የሚጠቀምስ የለም?

አለ። ቅዝቃዜ በሚበዛባቸው ሰሜናዊ አገሮች የማደጊያው ወቅት ይረዝማል። ግን ሙቀት ስለመጣ ብቻ ለም አፈር አይመጣም፤ ብዙው የሰሜን መሬት ስስ ወይም አሲዳማ ነው። ረግረጋማውን መሬት አርሶ መጠቀም ደግሞ በውስጡ የተከማቸውን ካርቦን መልቀቅ ይሆናል።

አንድ ድርቅ ሲመጣ «የአየር ንብረት ለውጥ ነው» ማለት ይቻላል?

ጥያቄው አሁን የሚቀርበው በሌላ መልክ ነው፤ ለውጡ ይህን ዓይነቱን ድርቅ ወይም ጎርፍ ስንት እጥፍ እንዲደጋገም አደረገው? ተመራማሪዎች ሰው ያሞቀውን ዓለምና ያልሞቀውን ዓለም በኮምፒውተር ያወዳድራሉ። አንዳንዱ ክስተት ላይ ግንኙነቱ በጣም ግልጽ ይሆናል፤ አንዳንዱ ላይ ምንም አይገኝም። ከጀርባው ያለው ፊዚክስ ግን ቀላል ነው፤ አየር በ1 ዲግሪ ሲሞቅ 7 በመቶ ገደማ ተጨማሪ እርጥበት መያዝ ይችላል። ስለዚህ ከአፈሩ እርጥበቱን አብዝቶ ይመጥጣል፤ ሲያወርድም አብዝቶ ያወርዳል።

መላመድ ብቻውን አይበቃም?

አይበቃም። ግልጹ ማስረጃ ኮራል ነው፤ በባሕር ውስጥ ድንጋይ መሰል ቤት የሚሠሩ ጥቃቅን እንስሳት ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ሳይንስ ጉባኤ በ2018 እንደገለጸው በ1.5 ዲግሪ ከ70 እስከ 90 በመቶው ይጠፋል፤ በ2 ዲግሪ ከ99 በመቶ በላይ። በ1.5 እና በ2 መካከል ያለው ግማሽ ዲግሪ ነው። ለዚያ ዝርያ ማዳቀልም ሆነ ቀን ማዛወር የትም አያደርስም፤ ልቀቱን መቀነስ ብቻ ነው ያለው።

ተማሪ ነኝ። ወደዚህ መስክ ለመግባት ምን ይጠቅመኛል?

ስታቲስቲክስ፣ ከሁሉ በፊት። የአንድ ወቅት የሰብል መረጃ ዝናብ፣ አፈር፣ ዝርያና ዕድል የተደባለቀበት ስለሆነ ያንን መፍታት ካልቻላችሁ ቁጥሩ ያሳስታችኋል። አር (R) ወይም ፓይተን (Python) በሚባሉት ነጻ የኮምፒውተር ቋንቋዎች ፕሮግራም መጻፍ ልመዱ። ለመጀመር ላቦራቶሪም በጀትም አያስፈልግም፤ የማውና ሎዋ የጋዝ መዝገብ፣ የሳተላይት የዕፅዋት ምስሎችና የቆዩ የአየር ሁኔታ መረጃዎች ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይወርዳሉ። ትምህርት ክፍላችሁ የድሮ የሙከራ ማሳ መዝገብ ካለው ደግሞ ጠይቃችሁ አስወጡት። ማንም ሰው ያልነካው ሣጥን ውስጥ ጥሩ የመመረቂያ ጽሑፍ ተኝቶ ሊሆን ይችላል፤ የበቆሎው 20 ሺህ ሙከራም እንደዚያው ነበር።